«እማማ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ»

ጊፋታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ወላይታ ውስጥ ላደገ ሰው ያ ሰሞን ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ ታወጣለች፤ ወንዱ ለበሬ ያዋጣውን ይቆጥራል፤ አዲስ አበባና ሐዋሳ ያለው ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደውም፣ ለቤተሰቡ የአቅሙን ይልካል። ስልክም ሥራ ይበዛበታል። የእኔ ስልክ አንድ ማለዳ ቡና እየቆላሁ ጠራ።

የተረጋጋ የወጣት ድምፅ ነው። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራና «እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩ። ወዲያው «ሳሮ፣ ሳሮ» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አለኝ። እውነቱን ለመናገር የተሸነፍኩት እዚያ ላይ ነው። የአገሬ ልጅ ነው ብዬ ልቤ ተከፈተ። ከስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ እንደሚደውል፣ ሒሳቤ ስላልታደሰ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ እሱ ግን እዚያው ሆኖ ሊያድስልኝ እንደሚችል ነገረኝ። የልደት ዘመኔን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አሁን በጽሑፍ መልእክት ቁጥር ይመጣልዎታል። እማማ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለ። መጣ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኩለት። እንዲያውም አንዷን ቁጥር ተሳስቼ ስለነበር «ቆይ ልጄ፣ ሰባት ያልኩህ ስምንት ነው» ብዬ አረምኩለት። አመስግኖኝ፣ መልካም በዓል ተመኝቶልኝ ዘጋ።

ያ የመጣው ቁጥር የእኔን ሒሳብ በእሱ ስልክ ላይ የሚከፍት ነበር። የምስጢር ቁጥሬን ግን አልነገርኩትም ትሉኝ ይሆናል። ነግሬዋለሁ እንጂ። የምስጢር ቁጥሬ የተወለድኩበት ዓመት ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። እኛ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት አምስት ነገር እናረጋግጣለን፤ ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ሌሊት እንቅልፍ እየጣለኝ እንኳ ይህን ዘልዬ አላውቅም። በዚያ ማለዳ ግን «አንተ ማን ነህ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ጓዳዬን ከፈትኩ።

ለበዓሉ ያስቀመጥኩት 11,400 ብር ከሰዓት በኋላ አልነበረም። እሱ አልበቃ ብሎ ሌላ መልእክት ገብቶ ነበር፤ እሱን ያነበብኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በስሜ ብድር ተወስዷል፤ የመክፈያው ቀን ይህ ነው ይላል። ያልጠየቅሁት፣ በእጄ ያልገባ፣ ወዴት እንደሄደ የማላውቀው ብድር።

ለማንም አልተናገርኩም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። ልጆቼ ሲደውሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ለሌላው ሰው ጤና የምታስተምር፣ ሰፈርተኛው ወረቀት ሲገባው ወደ እሷ የሚያመጣ ሴት በአንድ የስልክ ጥሪ ተታለለች መባልን ፈራሁ። ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሰዎች ሳላቸውን ደብቀው ቆይተው ሲመጡ እንዴት እቆጣ እንደነበር አስታወስኩ። እኔም ደበቅሁ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ብድሩ ላይ ሊደረግ የሚችለው ሁሉ አመለጠ። ያወቀችብኝ ትንሿ ልጄ ናት፤ ፎቶ ልታሳየኝ ስልኬን አንስታ መልእክቱን አየችው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሙሉ ስሜን ከየት አገኘው የሚለውን ነበር። አሁን ሳስበው ጥያቄው ተገላቢጦሽ ነው። ስሜ ያልተበተነበት ቦታ የት አለ? በስልክ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ስታስገቡ የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል፤ በስሕተት ለሌላ እንዳይላክ ታስቦ የተሠራ ጥሩ ነገር ነው፤ አታላዩም ግን ያው መስኮት ክፍት ነው። የመታወቂያችንን ፎቶ ኮፒ ስንት ቦታ ሰጥተናል? ቀበሌ፣ ባንክ፣ ሲም ካርድ ስናወጣ፣ ቤት ስንከራይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የተበላሸው ቅጂ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀን እናውቃለን? እኔ አንድ ጊዜ መንገድ ዳር የገዛሁት ኦቾሎኒ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስዘረጋው የአንድ ሰው ሙሉ ማመልከቻ ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ የእናት ስም፣ ፊርማ። ኦቾሎኒውን በልቼ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የእኔ የትኛውን ኦቾሎኒ ጠቅልሎ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በሥራ ዘመኔ የካርድ ክፍሉ በር እንዲቆለፍ ሁሌ እጨቃጨቅ ነበር። በተለይ በኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ለምክርና ምርመራ የሚመጣውን ሰው በስሙ ሳይሆን በኮድ ቁጥር እንመዘግብ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ መተዉ ትዳር ሊያፈርስ፣ ሰው ከሰፈር ሊያስወጣ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል። የሌላውን ሰው ምስጢር እንዲህ ጠብቄ የራሴን ግን እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው። መታወቂያ ምን ምስጢር አለው፣ የልደት ዘመን ምን ያደርጋል እል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ብድር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጅ ሳለሁ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ወላይታ ውስጥ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ይሠራ ነበር፤ ብዙ ሰው ዋዱ በሚለው አጭር ስሙ ያስታውሰዋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው በብድር ይሰጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ተበዳሪ ለመሆን ሰው በእግሩ መሄድ፣ ፊቱን ማሳየት፣ ጎረቤት ባለበት ስሙን ማስመዝገብ ነበረበት። በሌላ ሰው ስም ማዳበሪያ ልውሰድ የሚል ቢኖር አጠገቡ የቆመው ሰው «አንተ እኮ የእከሌ ልጅ ነህ» ይለዋል።

ዛሬ ብድር ኪስ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በነሐሴ 2014 ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን፣ «ሳንዱቅ» ከተባለው ቁጠባ ጋር አመጣ። በነሐሴ 2015 የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለ። ባንኮችም ያለ ማስያዣ በስልክ ማበደር ጀምረዋል። እኔ ይህን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ጉልት ለምትቸረችር ሴት ማለዳ ተበድራ ማታ መመለስ መቻሏ ከአራጣ አበዳሪ ያወጣታል፤ ይህን ያደረጉ ሴቶች አውቃለሁ። ነገር ግን አበዳሪው የሚያየው ፊት የለም። የሚያየው የስልክ ቁጥሩን፣ የምስጢር ቁጥሩንና እስከዛሬ ያንቀሳቀሳችሁትን ገንዘብ ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ለማሽኑ እናንተ ነው። ባለገንዘብ ያልሆነ ሰውም «እኔ ምን አለኝ፣ ምን ይወስዱብኛል?» ብሎ መተኛት የማይችለው ለዚህ ነው። በሒሳቡ አሥር ብር ባይኖርም ስሙ መበደር ይችላል።

ያልተከፈለ ብድር ደግሞ ተረስቶ አይቀርም። ባንኮች ከማበደራቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለውን የብድር መረጃ ቋት ያያሉ። ልጃችሁ ነገ ለሥራ ብድር ሲጠይቅ፣ ወይም እናንተ ቤት ለማደስ ስትጠይቁ፣ የማታውቁት ዕዳ ቀድሟችሁ ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላም ልማድ አለ፤ ሒሳብን ማዋስ። «እማዬ፣ አንድ ሰው ገንዘብ ሊልክልኝ ነው፣ በአንቺ ሒሳብ ይግባና አውጪልኝ» የሚል የልጅ ጓደኛ፣ የዘመድ ዘመድ አይጠፋም። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ በሲስተም ችግር ብዙ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ ለሌሎችም አስተላለፉ። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ አወጣ፤ በየቅርንጫፉ በር ላይ ተለጠፈ። እዚያ የሚለጠፈው ባለ ሒሳቡ ነው። ሒሳቡን ለጓደኛው አውሶ የነበረ ልጅ ካለ «እኔ አይደለሁም» የሚልበት ቦታ አልነበረውም። የተጭበረበረ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ከሌላ ሰው የተወሰደው ገንዘብ በእናንተ ሒሳብ አልፎ ከሄደ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው።

አሁን ደግሞ እኛ ደመወዝተኞችና ጡረተኞች ብዙ የምንጎዳበት፣ ስልክ የማያስፈልገው ጉዳይ። ዋስትና ማለቴ ነው። ሶዶ ውስጥ መምህርና ጤና ባለሙያ ሆኖ ለማንም ዋስ ያልሆነ ሰው ካለ ላየው እፈልጋለሁ። የሥራ ባልደረባ ይመጣል፣ ቅጹን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ፣ ለወጉ ነው» ይላል። ይሉኝታ ይይዘናል። እንፈርማለን። የመታወቂያ ኮፒና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንጨምራለን። እኔ አንድ ጊዜ የብር መጠኑ ቦታ ባዶ ሆኖ ፈርሜ አውቃለሁ። ያ ባልደረባዬ ጨዋ ሆኖ ከፍሎ ጨረሰ እንጂ ዕዳው ምን ያህል ሊሆን ይችል እንደነበር አላውቅም ነበር።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1725)። ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። ባዶ ቦታው ላይ ሌላ ሰው በኋላ ቁጥር ቢሞላበት ግን እናንተ ስትፈርሙ ባዶ እንደነበር ማስረዳት መከራ ነው። ስለዚህ መጠኑን ራሳችሁ በፊደልም በአኃዝም ጻፉት፤ ኮፒውን ቤት አስቀምጡ። ቅጹ ላይ ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ ነው የሚል ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችንን በተመለከተም ሕጉ አስቧል። የማያነብ ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ምልክት ወይም ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። የአያታችሁን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ ሰነድ ላይ ያሳረፈ ሰው ካለ ይህን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁ። በመሬትና በውርስ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ነገር ነው።

የመታወቂያ ኮፒ ስትሰጡ ደግሞ እኔ አሁን የማደርገውን አድርጉ። ኮፒው ላይ በእስክርቢቶ፣ ፎቶውንና ጽሑፉን በሚነካ መልኩ፣ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ሠራተኛው ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። እኔን አንዱ «ወረቀት አበላሹ» ብሎኛል። አዎ፣ እንዲበላሽ ነው የፈለግሁት።

ፋይዳን የተመዘገቡ ብዙ ናችሁ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ተወስዶ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። በአሻራ የተያዘ ማንነትን መስረቅ ከወረቀት መታወቂያ ይከብዳል፤ ይህ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፋይዳ ማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ስትመዘገቡ ባስያዛችሁት ስልክ ቁጥር ነው። ብዙ አያቶች የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው የልጅ ልጃቸውን ወይም የጎረቤትን ቁጥር አስይዘዋል። ልጁ ስልኩ ቢጠፋ፣ ቁጥሩን ቢለውጥ፣ ከቤተሰብ ቢጣላ የአያቱ ማንነት ቁልፍ በእሱ ኪስ ነው። አንድ ርካሽ ስልክና በራሳቸው ስም የወጣ ሲም ግዙላቸው። ለበዓል ከሚገዛው ነጠላ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሕግ አለ ወይ ለምትሉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። በኮምፒዩተር ተጠቅሞ ማታለልና የሌላን ሰው ማንነት መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃችንን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚፈልገው እንዲነግረን፣ ለዚያ ብቻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከወረቀቱ እስከ ኦቾሎኒ ሻጯ ያለው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።

ማታለያው ደግሞ መልኩን ይለዋውጣል። ቦዲቲ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ዘመዴ «በስሕተት 3,000 ብር ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ፣ የልጄ መድኃኒት ነው» ተብላ የራሷን ገንዘብ ልካለች። ገንዘብ ገባ የሚለው መልእክት የመጣው ከግለሰብ ቁጥር ነበር፤ ሒሳቧን አላየችም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ መልእክቱን ትታችሁ ራሳችሁ ሒሳባችሁን እዩ። በቴሌብር ከሆነ *127# አለ፤ በንግድ ባንክ *889#። በእርግጥ በስሕተት ገብቶ ከሆነም ላኪው ለድርጅቱ ያመልክት፤ እናንተ አትላኩ።

ሌላው በ*21* የሚጀምር ቁጥር ደውሉ የሚል ነው። ኔትወርካችሁ እንዲስተካከል ነው ይላሉ። ይህን ስትደውሉ ወደ እናንተ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ስልክ ይዞራል፤ ባንኩ ለማጣራት ቢደውል የሚያነሳው እሱ ነው። አድርጋችሁ ከሆነ ##21# ደውላችሁ ሰርዙት። በቴሌግራም የሚመጣ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል ፋይልም አለ፤ የልጅ ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ በዚህ ይያዛሉ። ስልካችንን ለጨዋታ ስንሰጣቸው የገንዘቡንም ቁልፍ እየሰጠን ነው።

ልጃችሁ ታስሯል፣ ደቡብ አፍሪካ ሆስፒታል ገብቷል የሚለው ጥሪ ግን ከሁሉ ይከፋል፤ እናትን በሆዷ የሚይዝ ስለሆነ። እኛ ቤት አሁን ከልጆቼ ጋር አንድ የቤት ቃል ተስማምተናል። ቃሉን ያልተናገረ፣ ድምፁ የልጄን ቢመስልም፣ ስልኩን ዘግቼ እኔው በማውቀው ቁጥር መልሼ እደውላለሁ።

እንደ እኔ ለደረሰባችሁ፣ ሰዓቱ ነው ዋናው። ያኔውኑ ደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ንግድ ባንክ 951። ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። የምስጢር ቁጥሩን ለውጡ። መልእክቶቹን አታጥፉ። ፖሊስ ዘንድ አስመዝግቡና ማስረጃውን ይዛችሁ ብድሩን እንዳልወሰዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስመቱበት።

እኔ ይህን ሁሉ ያደረግሁት በአሥረኛው ቀን ነው። የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ነበረች፤ ሆኖም «እናቴ፣ በእርስዎ የምስጢር ቁጥር ነው የተወሰደው፤ ለእኛ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ስሜ ዕዳ ላይ እንዳይቆይ ብድሩን ከጡረታዬ በሁለት ወር ከፈልኩ። የፖሊሱ ጉዳይ እስካሁን ክፍት ነው። ከፍሎ ዝም ማለቴ ትክክል ይሁን አይሁን እኔና ትልቁ ልጄ ዛሬም አንስማማም፤ እሱ እስከ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረብሽ ይላል።

ለጊፋታ በሬው ውስጥ ያለኝን ድርሻ ጎረቤቶቼ ሳይነግሩኝ ሸፈኑልኝ።

ባለፈው ወር እድርተኞች እኛ ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አወራሁት። ስምንት ሴቶች ነበርን። ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «እኔም» አለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ። ሦስተኛዋ ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ከሁላችን የምትበልጠው አሮጊት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ስልኳን አወጣችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «የእኔ ቁጥር የመጀመሪያ ልጄ የተወለደበት ዓመት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁኑኑ እንዴት ነው የሚለወጠው?» አለች። ቶናው በጀበናው ውስጥ እያለ ሁላችንም መነጽራችንን ፈለግን።